የእንዶዳሙ ተማሪ፤ ዝክረ ሐዲስ ዓለማየሁ

በጎጃም ደጋ የተወደደ ሽማግሌ ባረፈ ጊዜ፥ ቤተ ዘመዱ በተዝካሩ ዕለት ከዳሱ ሥር ተሰብስቦ፥ ካህናቱ ፍትሐታቸውን ፈጽመው ከተቀመጡ በኋላ፥ ስለ ሟቹ ማውሳት የቆየ ልማድ ነው፤ ከማን እንደ ተወለደ፥ በማን ደጅ ፊደል እንደ ቈጠረ፥ በየትኛው ዘመቻ እንደ ተሰለፈ፥ ማንን ከማን እንዳስታረቀና ለማን ዋስ እንደ ሆነ በተርታ ይነገራል። ይህ ሁሉ የሚነገረው ሟቹን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ከዳር ተቀምጦ የሚሰማው ልጅ የማን ዘር እንደ ሆነ ዐውቆ፥ የተጣለበትን አደራ ተረድቶ እንዲነሣ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ከደብረ ማርቆስ እስከ ዓባይ ዳር ድረስ ላለው ሕዝብ፥ ከዚያም አልፎ አማርኛ ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ በሥጋ ባይዛመዱትም እንደ አያት የሚቈጠሩ ሰው ናቸውና፥ የሕይወታቸውን ዜና እንደ ቤተ ዘመድ ልማድ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በተርታ ልናወሳው ይገባናል።

ዘመኑን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በአጤ ዮሐንስ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ከነገሡ በኋላ፥ ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው መናገሻቸው በቅዱስ ማርቆስ ስም በታነጸው ቤተ ክርስቲያን ደብረ ማርቆስ ተብሎ ተጠራ፤ ንጉሡም በ1893 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ አገሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በልጃቸው በራስ ኃይሉ እጅ ገባ። በሰሜን ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ፥ በደቡብ ደግሞ ጥልቁ የዓባይ በረሓ የከበቡት ይህ ደጋ፥ ጤፉና ገብሱ የማይጐድልበት፥ ካህኑም የበዛበት፥ ነገር ግን ሰው በትውልዱ መጠን ከፍና ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበት ምድር ነበረ። ባለ ጉልቱ በማዕዱ ራስ ይቀመጣል፤ ገባሩ ከደጅ ቆሞ እጅ ይነሣል፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ደግሞ እጃቸው የሠራውን ሰው ሁሉ እየለበሰውና እያረሰበት ስማቸው ይዋረዳል። ይህ ሥርዓት ከጥንት የተቀበሉት ስለ ሆነ ብዙው ሰው እንደ ዝናምና እንደ በጋ ከሰማይ የተሠራ ይመስለው ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ አጤ ምኒልክ በደዌ ተይዘው አገሩ ሁሉ ስለ ነገ ሲጨነቅ በነበረበት ዘመን፥ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በጎዛምን፥ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት፥ ከቄስ ዓለማየሁ ሰሎሞንና ከወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ተወለዱ። የካህን ልጅ እንደ መሆናቸው ከመጀመሪያው የተከፈተላቸው በር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበረና፥ ፊደል ቈጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ፥ በዚያ አገር የሊቃውንት መፍለቂያ ወደ ሆኑት ወደ ደብረ ኤልያስ፥ ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤቶች ዘለቁ። ደብረ ኤልያስ ቀድሞም ባለቅኔውንና የቴአትር ደራሲውን ዮፍታሔ ንጉሤን ያፈራች ደብር ናት፤ ዲማም እስከ ዛሬ በመጻሕፍት ትርጓሜና በቅኔ ስሟ የሚጠራ ገዳም ናት።

የዚያን ዘመን የቅኔ ተማሪ ኑሮ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ያላወቀ፥ የኋላውን ሐዲስን በሚገባ ሊያውቅ አይችልም። ተማሪው ከወላጆቹ ቤት ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ ራሱ በቀለሳት የሣር ጎጆ ያድራል፤ ከአዝመራው አንዲት ዘለላ ባያጭድም፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከየመንደሩ ደጅ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ባለ ጊዜ፥ ለልጆችዋ የሚበቃ እንጀራ የሌላት ባልቴት እንኳ ቈርሳ ትሰጠዋለች። ቀን ቀን በየዛፉ ጥላና በየጥሻው ተበታትኖ ቅኔ ሲቈጥር ይውላል፤ ሲመሽ በመምህሩ ፊት ቀርቦ የቈጠረውን ይናገራል፤ መምህሩም የቤቱን ልክና የምሥጢሩን ዝምድና መርምሮ ያርመዋል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስከ ሞላው መወድስ የሚወጣው ይህ ተማሪ፥ ትላንት የተናገረውን ዛሬ እንዳይደግም፥ ሰም ብሎ በተናገረው ውስጥ ወርቁን እንዲሠውር፥ ከሁሉም በላይ የሌላውን ቃል ሰርቆ የራሴ እንዳይል ይታነጻል። እንግዲህ ይህ ትምህርት ሁለት ነገር ያወርሳል፤ አንደኛው ቃልን መዝኖ መናገር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፥ በልቶ ያደገው የድኻ እንጀራ እንደ ሆነ ማወቅ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት ሲመረመር ከዚህ ከሁለተኛው ዕዳ ጋር የተደረገ የረጅም ዘመን ሒሳብ ሆኖ ይገኛል።

ገና በወጣትነታቸው፥ የአዲሱ ትምህርት ዝና ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም በደረሰ ጊዜ፥ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። በዚያ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ወደ ሸዋ የሚወርድ መንገደኛ ድልድይ ባልነበረው የዓባይ መሻገሪያ በእግሩና በበቅሎ ያልፍ ነበረ፤ ክረምት ከገባ ደግሞ ወንዙ መንገዱን ይዘጋዋል። በአዲስ አበባ በመጀመሪያ በስዊድን ሚሲዮን፥ ቀጥሎም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በተማሪነታቸውም ዘመን የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ የሚል ቴአትር ደርሰው ለመድረክ አቀረቡ፤ ከርእሱ እንደሚታየው ገና በዚያ ዕድሜያቸው ልባቸው የተያዘው በአንድ ጥያቄ ነበረ፤ ይህች አገር ከኋላ ቀርነትዋ ጋር ያላትን ውል የምታፈርሰው መቼ ነው የሚል።

በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ከጎጃም ግዛት ተነሥተው በምትካቸው ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ። ሐዲስም ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በመንግሥት ሥራና በመምህርነት አገለገሉ፤ ከደበሎው ጎጆ የወጣው ልጅ በተራው ለደበሎ ለባሾች ልጆች ዘመናዊ ትምህርት አስተማሪ ሆነ። ከራስ እምሩ ጋር የተገናኙትም በዚህ ጊዜ ነው፤ ከመኳንንት ወገን ሆነው ሳለ ስለ ገበሬው መበደል የሚቈረቈሩት፥ በኋላም ዘመን ርስታቸውን ለገበሬዎች በማደል የታወቁት እኒህ መስፍን፥ ለወጣቱ ሐዲስ የጦር አለቃ ብቻ ሳይሆኑ አብነትም ነበሩ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የጎጃም ሠራዊት በራስ እምሩ መሪነት ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ፥ በጎንደር በኩል አድርጎ፥ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ ግንባር ሲሰለፍ ሐዲስ ዓለማየሁ ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ። በታኅሣሥ ወር በደምበጉና ጠላት ተመትቶ ሸሸ፤ ታንኮቹም በኢትዮጵያውያን እጅ ወደቁ። ነገር ግን በየካቲት መጨረሻ በሽሬ በተደረገው ታላቅ ውጊያ፥ ጥይቱ ያለቀበት ሠራዊት ወደ ተከዜ ባፈገፈገ ጊዜ፥ ከሰማይ የወረደው ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያን ሁሉ የጎጃም ገበሬ በወንዙ ዳር አረገፈው። እነዚህ የወደቁት ሰዎች ደመወዝ የሚቈረጥላቸው ወታደሮች አልነበሩም፤ ስንቃቸውን ሚስቶቻቸው አዘጋጅተውላቸው፥ በገዛ በቅሏቸውና በገዛ እግራቸው የወጡ ገበሬዎች፥ ያንኑ የተማሪውን አኩፋዳ ይሞሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለሐዲስ ዓለማየሁ ዕዳው በዚያ ቀን በደም ጨመረ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ ራስ እምሩ ተስፋ ሳይቈርጡ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ጎሬ ዘለቁ፤ በዚያም የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባሎች የሆኑት ወጣት መኰንኖችና ምሁራን ከርሳቸው ጋር አበሩ። ሐዲስም እስከ መጨረሻው ከልዑሉ አልተለዩም። ክረምትና በጋ በጫካ ሲዋጋ የከረመው ያ ጥቂት ሠራዊት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት ተከብቦ እጁን ሰጠ፤ ምርኮኞቹም ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወደ 7 ዓመት የሚጠጋ ዘመን፥ በመጀመሪያ በጶንዛ ደሴት፥ ቀጥሎም በሲሲሊ አጠገብ ባለችው በሊፓሪ፥ የጮቄን ነፋስ የለመደው ሰው በባሕር ተከብቦ ታሰረ። በደሴት ያለ እስረኛ ከግንብ ይልቅ ማዕበል ይጠብቀዋል፤ ለእንዶዳሙ ልጅ ደግሞ ከግዞቱ ይልቅ የሚከብደው፥ የአገሩ ሰው በሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚነግረው ማጣቱ ነበረ። የእግዚአብሔርም ፍርድ እንዲታወቅ፥ በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ በወደቀ ጊዜ ተይዞ ወደ ጶንዛ ተወሰደ፤ ራስ እምሩ በታሰሩበት ቤትም ተቀመጠ።

ሐዲስ በግዞት ሳሉ አገራቸው ጎጃም አልተኛችም ነበረ። በላይ ዘለቀ፥ መንገሻ ጀምበሬ፥ ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው በየበረሓው ጠላትን ሲያውኩት ኖረው፥ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ደረሱ። የግዞተኞቹ ነፃነት ግን ተባባሪዎቹ መንግሥታት በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሲሲሊን እስኪይዙ ድረስ ዘገየ። ከዚያ በኋላ ሐዲስ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ በወጣትነት የወጡባትን ኢትዮጵያ በጎልማሳነት አገኟት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የሹመት ዘመን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለ ሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በኢየሩሳሌም ቆንሲል ሆኑ፤ በዋሽንግተን በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠሩ፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍ ያለ ሥልጣን ያዙ፤ በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ ነበሩ፤ ቀጥሎም የትምህርት ሚኒስትር፥ በለንደን አምባሳደር፥ የፕላንና ልማት ሚኒስትር፥ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ማዕረግ በላያቸው ሲደራረብ፥ በ1948 ዓ.ም. ያወጧቸው ሁለት መጻሕፍት ልባቸው የት እንዳለ ይናገራሉ፤ አንደኛው ተረት ተረት የመሠረት ነው፤ ሁለተኛው የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም ነው። ዲፕሎማቱ ከታላላቅ መንግሥታት አዳራሽ ሲወጣ የሚመለሰው ወደ ምድጃ ዳር ተረትና ወደ ተማሪ ቤት ነበረ።

በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብር ታትሞ ወጣ፤ ከ500 ገጽ በላይ የሆነው ይህ ልብ ወለድ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ዘመን የሚከፈልበት ምዕራፍ ሆነ። በማንኩሳ ከድኾች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ የተወለደው፥ በስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠው በዛብህ፥ የቅኔ ትምህርቱን ይዞ ዲማ ይደርሳል፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ታዝዞም ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ አባትየው ግን ከዘር ቈጠራቸው የሚተካከል ባል ሲመርጡላት ልጃቸውን ያስረጇታል። ደራሲው ስለ ሁለት ወጣቶች ፍቅር ብቻ የጻፉ የሚመስለው አንባቢ መጽሐፉን ገና አላነበበውም። በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ የተነሡት ገበሬዎች፥ እብድ እየተባለ እውነት የሚናገረው ጉዱ ካሣ፥ በየጓዳው የምታለቅሰው ሴት፥ በየደጁ የሚለምነው ተማሪ፥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጉባኤ ተሰብስበው ይመሰክራሉ። ያ ከሰማይ የወረደ የሚመስለው ሥርዓት የሰው ሥራ እንደ ሆነ፥ ሰው የሠራውንም ሰው ሊያፈርሰው እንደሚችል ጉዱ ካሣ አንደበት ሆኖ ያስረዳል። ይህን የጻፉት ከሥርዓቱ ውጭ ቆመው ድንጋይ የሚወረውሩ ሰው ሳይሆኑ፥ የንጉሠ ነገሥቱ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ፤ ለሥልጣናቸው ሳይሳሱ የሕዝባቸውን ቃል በማተም ዕዳቸውን ከፈሉ።

የመጽሐፉንም ውበት ያለ ቅኔ ቤቱ ማሰብ አይቻልም። የገበሬው ንግግር በገበሬ አማርኛ፥ የሊቁ ንግግር በሊቅ አማርኛ፥ የመኳንንቱ ቍጣ በመኳንንት ቃል የተጻፈበት ምክንያት፥ ደራሲው ሕፃን ሳሉ በየደጁ ቆመው የሰሙትን ሁሉ በጆሯቸው ስለ ጠበቁት ነው። ሰርግና ለቅሶ፥ ሙግትና እርቅ፥ የደብር አገልግሎትና የገበያ ወግ፥ ሁሉ በዚያ አለ፤ የጎጃም አኗኗር ከምድር ቢጠፋ እንኳ ከዚያ መጽሐፍ ሊነበብ ይችላል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ፥ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል የሚል መጽሐፍ አሳትመው ሐሳባቸውን ለሕዝብ አቀረቡ። በዚያው ዘመን ሥልጣን የያዙት ወታደሮች የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቢያቀርቡላቸውም አልተቀበሉም። በኢትዮጵያ ታሪክ ሥልጣን ለመያዝ የተጋደለ ብዙ ነው፤ ተለምኖ ያልወሰደ ግን ከጣት ቍጥር አያልፍም። ለድኻው የሚቈረቈር ሰው በድኻው ስም የሚገዛውን ሥልጣን እንዴት ይተዋል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ መልሱ ከቅኔ ቤት ሕግ ይገኛል፤ ያልቈጠሩትን ቅኔ የራሴ ብሎ መናገር ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፥ በሌላው እጅ በሚታዘዝ ጠመንጃ ፊት ቆሞ ገዥ መባልም ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዘመን ሁሉ ለብዕር ሰጡት። በ1974 ዓ.ም. ወንጀለኛው ዳኛ፥ በ1980 ዓ.ም. የልምዣት ወጡ። በዚያ ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ፥ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና የከተማው ሠራተኛ በአንድነት በሬዲዮው ዙሪያ ተሰብስበው አደመጡ፤ የድኻው እንጀራ ለድኻው በቃል ተመለሰለት። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ትዝታ በተባለው መጽሐፋቸው፥ የዘመቻውን፥ የስደቱንና የግዞቱን ዜና አንድ በአንድ አኖሩልን። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሽማግሌ ያን ሁሉ የጻፉት ስማቸውን ለማስጠራት አይደለም፤ በተከዜ ዳር ቀባሪ ሳያገኙ የቀሩ ጓዶቻቸው ቢያንስ በወረቀት ላይ ተዝካር እንዲያገኙ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዕድሜያቸው ማምሻ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም.፥ በተወለዱ በ94 ዓመታቸው፥ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ፤ ሥጋቸውም በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።

ደብረ ማርቆስ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ በዩኒቨርሲቲውም ውስጥ የባህል ጥናት ተቋም በሐዲስ ዓለማየሁ ስም ተሰይሟል። ይህ መልካም ነው፤ ስም ማቆም ግን የዝክር መጀመሪያው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። በዲማና በደብረ ኤልያስ ዛሬም ደበሎ የለበሰ ተማሪ አለ፤ ዛሬም ከእንጀራዋ ቈርሳ የምትሰጥ እናት አለች፤ ሰውን በዘሩ የሚመዝነውም ሚዛን ከአገራችን ገና አልጠፋም። በአዲሱ ትምህርት የከበረ ሁሉ፥ ሐኪም ቢሆን፥ መሐንዲስ ቢሆን፥ ዳኛም ቢሆን፥ የተማረበት ገንዘብ ከማን ላብ እንደ ወጣ ቢመረምር፥ በመጨረሻው ከአንድ ገበሬ እርሻ ይደርሳል። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ምርመራ በልጅነታቸው ጀምረው እስከ ዕለተ ሞታቸው አላቋረጡም፤ በምርኮም፥ በሹመትም፥ ሥልጣንን በመተውም፥ በመጽሐፍም መለሱ። እኛም ልጆቻቸው ነን የምንል፥ መጻሕፍታቸውን ለልጆቻችን ማንበብ፥ ያበላንን ሕዝብም ሳንንቅ ማገልገል ግዴታችን ነው፤ ለተወደደ አያት ከዚህ የሚበልጥ ተዝካር ሊደረግለት አይችልም።